«እርምጃ ተወሰደ» ማለት ማንን ለመሸፈን ነው?

የቄራ ልጅ፦
ቅዳሜ ዕለት አንድ የደርግ ዘመን ካድሬ በራድዮ ትዝታቸውን ሲያወጉ ሰማሁ። ጋዜጠኛው በ1969 እና በ1970፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ ስለተገደሉት ሲጠይቃቸው «ያኔ በሁለቱም ወገን እርምጃ ይወሰድ ነበር፤ ዘመኑ ነው» ብለው ወደ ሌላ ጨዋታ ተሻገሩ። ጋዜጠኛውም አብሯቸው ተሻገረ። እኔ ግን መሻገር አቃተኝ።

ታላቅ ወንድሜ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከታሰረ በኋላ እናቴ በየቀኑ ስንቅ ታመላልስለት ነበር፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ እከተላታለሁ። አንድ ማለዳ በር ላይ የቆመው ጠባቂ ሳህኑን ሳይከፍት መለሰላትና «ከእንግዲህ አታምጪ» አላት። መርዶው ይኸው ነበር። ሽሮው ገና አልቀዘቀዘም። እናቴ ሳህኑን በነጠላዋ ሸፍና ያን ሁሉ መንገድ ሳታለቅስ ተመለሰች፤ ማልቀስ ክልክል ነበርና። ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ያለቀሰችው። ይህን «እርምጃ» የሚሉት ሰው፣ ወሳጁ ማን እንደነበር ለምን አይነግሩንም?

የመምህሩ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማር። ሐዘንህ ሐዘኔ ነው። ነገር ግን ሽማግሌው «በሁለቱም ወገን» ማለታቸው ሐሰት አይደለም። አባቴ መምህር ነበር፤ የቀበሌያችን ነዋሪዎች ሊቀ መንበር አድርገው መረጡት። ኅዳር 1969 ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ የግቢውን በር ሊዘጋ ወጣ። ሁለት ወጣቶች «ጋሼ!» ብለው ጠሩት። የሚያውቀው ድምፅ ስለነበር ዞረ። ሦስት ጥይት። ሮጠን ስንደርስ የበሩን ቁልፍ በእጁ ጨብጦ ነበር፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቃ ያወጣችው እናቴ ናት። ቁልፉ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። በየዓመቱ ለሰማዕታት ጧፍ ሲበራ የአባቴን ስም የሚጠራ የለም።

አሲምባ፦
«በሁለቱም ወገን» የሚለው አነጋገር ደሜን ያፈላዋል። አንደኛው ወገን ጦር ሠራዊት፣ እስር ቤት፣ ራድዮ ጣቢያና በየቀበሌው የታጠቀ አብዮት ጠባቂ ያለው መንግሥት ነበር። ሌላው ወገን ስብሰባ እንዳይጠራ፣ ጽሑፍ እንዳይበትን የተከለከለ ወጣት ነበር። ደርግ ኅዳር 14 ቀን 1967 በአንድ ሌሊት ስድሳ የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሽኖ በራድዮ ሲያውጅ፣ እነዚያ ወጣቶች የተሰለፉበት ተቃዋሚ ፓርቲ፣ ኢሕአፓ፣ ገና ስሙን ለሕዝብ አላስተዋወቀም። ማን እንደጀመረው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም። እህቴ፣ ስለ አባትዎ አዝናለሁ፤ ነገር ግን ያኔ የቀበሌ ሊቀ መንበር መሆን ምን ማለት እንደነበር እርስዎም ያውቁታል።

የመምህሩ ልጅ፦
አላውቀውም፤ ይንገሩኝ። እኔ የማውቀው አባቴ የተያዙ ልጆችን «ተማሪዎቼ ናቸው» ብሎ ዋስ ሲሆን ነው። ከገደሉት አንዱም ተማሪው ነበር። «ነገር ግን» ብለው የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ይዝለቁት።

አሲምባ፦
ሞት ይገባው ነበር አላልኩም። የማላምንበትን አያስብሉኝ።

ታዛቢ፦
ጋሼ፣ ኅዳር 67ን ጠርተው መስከረም 69ን ለምን ዘለሉት? መስከረም 13 ቀን 1969 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ላይ ተተኩሶ ቆስሎ አመለጠ። በዚያው ወር፣ ያኔ ከደርግ ጋር ይሠራ የነበረው ፓርቲ፣ የመኢሶኑ ፍቅሬ መርዕድ ተገደለ። የካቲት ላይ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ በቀለ ተገደለ፤ እርሱን የተካው ተመስገን ማዴቦም ዓመት ሳይሞላ ተከተለው። እነዚህ ሰዎች ጦር ሠራዊት አልነበራቸውም። የኢሕአፓው መሪ የጌታቸው ማሩስ አሟሟት? እርሱን የገደለው ደርግ ነው?

አሲምባ፦
ጌታቸውን አታንሣብኝ። በእርሱ ነገር ዛሬም እንቅልፍ የሚያጡ የድርጅቱ ልጆች አሉ። በድርጅቱ ውስጥ የተሠራውን ስሕተት እኛው ተናግረነዋል፤ ለደርግ መከላከያ ጠበቃ እንዲሆን ግን አልፈቅድም። መጋቢት 1969 በቤት ለቤት አሰሳ፣ ሚያዝያ 21 ቀን ደግሞ ለሜይ ዴይ ዋዜማ በተሰበሰቡ ልጆች ላይ የወረደውን ከጥቂት ግድያዎች ጋር በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው ሚዛኑ የተበላሸ ነው።

የመምህሩ ልጅ፦
«ጥቂት ግድያዎች» አሉ። አባቴ በጥቂቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። እኔ ግን አንድ አባት ብቻ ነበረኝ።

የቄራ ልጅ፦
ሰዎች፣ እኔ የተነሣሁት በቃሉ ነው፤ ወደ ቃሉ እንመለስ። በአማርኛችን እርምጃ የእግር ነበር፤ ልጅ ዳዴ ብሎ ሲነሣ የሚራመደው። ይህን ቃል ወስደው የነፍስ መግደያ አደረጉት። ከዚያም «ነፃ» ጨመሩበት፤ «ነፃ እርምጃ»፣ የቀበሌ ጠባቂ ማንንም ሳያስፈቅድ እንዲገድል። ከዚያ ደግሞ «ተወሰደ» አሉ፤ ወሳጁ የማይታወቅ፣ ከሰማይ የወረደ እንዲመስል። ማለዳ ትምህርት ቤት ስንሄድ አስፋልት ዳር የተጣለ ሰው ደረት ላይ ወረቀት ተለጥፎ እናይ ነበር፤ «ቀይ ሽብር ይፋፋም!» ይላል። የሟቹ ስም ግን የለም። ለጥይቱ ዋጋ ክፈሉ ተብለው አስከሬን የወሰዱ ጎረቤቶች ነበሩን። ዋጋ የሚጠይቀው እጅ ይታያል፤ ቃላቸው ግን ገዳዩን ይደብቃል።

ነሐሴ 69፦
እኔ የመኢሶን አባል ነበርኩ፤ አልደብቅም። «አብዮታዊ እርምጃ» የሚለውን በአፌ ብያለሁ፤ ሚያዝያ 9 ቀን አብዮት አደባባይ መንግሥቱ ቀይ ነገር የተሞሉትን ጠርሙሶች ሲከሰክስ ካጨበጨቡት አንዱ ነበርኩ። ፊት ለፊት የነበሩት ሰዎች ፍንጣሪው እንዳይነካቸው ወደ ኋላ ሲሉ አይቻለሁ፤ እኔም አብሬ ወደ ኋላ ብዬ ማጨብጨቤን ቀጠልኩ። አራት ወር ገደማ ቆይቶ፣ ነሐሴ ላይ፣ ተራው የእኛ ሆነ። መሪያችን ኃይሌ ፊዳ ተይዞ ሁለት ዓመት ገደማ ታስሮ ተገደለ። ያው ቃል ነው በእኛም ላይ የተነገረው።

አሲምባ፦
አራት ወር ገደማ ቆይቶ! እስከዚያ ድረስ በየቀበሌው ማን ያለው ይታሰር ነበር? ጓደኞቼን የጠቆመውን ወገን ጠይቅልኝ።

ነሐሴ 69፦
እኔን ልትጠይቀኝ ትችላለህ። አጨበጨብኩ አልኩ እንጂ አልጠቆምኩም። ካላመንከኝም አልፈርድብህም።

ጠበቃው፦
ስለ ቃል ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ታኅሣሥ 1999 ፍርድ ቤቱ መንግሥቱንና ግብረ አበሮቹን ጥፋተኛ ሲል ስሙን ጠርቶታል፤ ዘር ማጥፋት ብሎ። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን የፖለቲካ ቡድንንም ይጨምር ነበርና። የዓለም አቀፉ ስምምነት ይህን አይጨምርም። ስለዚህ «ዘመኑ ነው» የሚለው መከራከሪያ በችሎት ቀርቦ ወድቋል።

የአትላንታ ነዋሪ፦
በእኛ ከተማ የሆነውን አንርሳ። በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 (የቀበሌዎች የበላይ አስተዳደር) ሊቀ መንበር የነበረው ቀልቤሳ ነገዎ እዚህ ሆቴል ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ፣ በእጁ የተሠቃየች ሴት በዚያው ሆቴል ትሠራ ነበርና አየችው፤ ለየችውም። ሦስት ሴቶች ከሰሱት፤ በ1993 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ረቱት። በኋላም ዜግነቱን ተነጥቆ ወደ አገር ቤት ተመለሰ። እነዚያ ሴቶች ዳኛ ፊት ቆመው «እርምጃ ተወሰደብን» አላሉም። እርሱ ነው አሉ፤ ያደረገውንም አንድ በአንድ ተናገሩ። የቄራ ልጅ የሚለው ይህንን ነው።

ታዛቢ፦
መልካም፤ ግን እዚያ የተከሰሰው የመንግሥት ሰው ነው። የእህታችንን አባት የገደለውን ልጅ ማን ይክሰሰው? ምናልባት እርሱም በኋላ አስፋልት ዳር ተጥሏል። ወይም እንደ እናንተ ውጭ አገር ተቀምጦ በየዓመቱ ጧፍ ያበራል።

የአትላንታ ነዋሪ፦
«እንደ እናንተ» ማለት ምን ማለት ነው? እኔ አገሬን ለቅቄ የወጣሁት በእግሬ፣ በሱዳን በኩል፣ ሁለት ወንድሞቼን ቀብሬ ነው። የተሰደደ ሁሉ ሽጉጥ ይዞ የነበረ ይመስልሃል?

ታዛቢ፦
ሁሉም አላልኩም።

የአትላንታ ነዋሪ፦
ብለሃል። ከፍ ብሎ ተጽፏል፤ መልሰህ አንብበው።

የቄራ ልጅ፦
እባካችሁ። እህቴ፣ የመምህሩ ልጅ፣ አንቺን ማንም እንዳልመለሰልሽ አይቻለሁ። በአባትሽ ላይ የደረሰው ነገር እኔንም ያመኛል።

የመምህሩ ልጅ፦
«የደረሰው ነገር» አልከኝ። ለወንድምህ ሲሆን «ማን ወሰደው?» ብለህ ጠየቅህ፤ ለአባቴ ሲሆን ነገሩ ዝም ብሎ ደረሰ? እኔም ለአባቴ አንተ ለወንድምህ የፈለግኸውን ቃል ነው የምፈልገው።

የቄራ ልጅ፦
እውነትሽን ነው። ገደሉት። ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ያስተማረው ልጅ፣ «ጋሼ» ብለው ጠርተው አባትሽን ገደሉት። ይህን ለመጻፍ እጄ ለምን እንደዘገየ አውቃለሁ፤ ወንድሜ በማን ስም እንደታሰረ ስለማውቅ ነው። አንቺ ቢያንስ የት እንደተቀበረ ታውቂያለሽ?

የመምህሩ ልጅ፦
አውቃለሁ። እናቴን አጠገቡ ቀበርናት። የወንድምህስ?

የቄራ ልጅ፦
አናውቅም። ለእናቴ ሳህኑን እንጂ ልብሱን እንኳን አልሰጧትም።

አሲምባ፦
ስለ መስከረም 13 የተባለውን ግን ሳልመልስ አልተወውም። ከዚያ ቀን በፊት በየእስር ቤቱ ስንት ልጅ እንደነበረ ታዛቢ ይንገረኝና ከዚያ ስለ መጀመሪያ ጥይት እንነጋገራለን።