ትንኮሳን ማን ያስረዳ? ሠራተኛዋ ወይስ አሠሪው?

አወያይ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የዚህን ሳምንት ጥያቄ ያነሣችው ከአባሎቻችን አንዷ ናት። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ አድልዎን፣ ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ይከለክላል። ነገር ግን ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ «ተበደልሁ» ያለው ሰው ራሱ እንዲያስረዳ ይጠበቃል። ይህ ሸክም ወደ አሠሪው ይዙር ወይስ ባለበት ይቆይ? የእኛን ጅማ እያሰባችሁ መልሱ። የሰውም ሆነ የድርጅት ስም መጥራት አይፈቀድም።

ቡና ለቃሚ የነበረች፣ ከመንቲና፦
ጥያቄው የእኔ ነው። ሦስት የቡና ወቅት በአንድ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቅሜያለሁ። መጋዘን ገብታችሁ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሴቶቹ በመደዳ ኬሻ ላይ እንቀመጣለን፤ ቡናው ፊታችን ይፈሳል፤ ጥቁሩን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበላውን እየለየን እናወጣለን። የለቀምነውን ተሸክመን ወደ ሚዛን እንሄዳለን። የሚከፈለን በኪሎ ስለሆነ የቀኑን እንጀራችንን የሚወስነው ሚዛን ያዡ ነው። «በደንብ አልተለቀመም» ካለ መልሰን እንበትነዋለን።

ሚዛኑ ጥግ ላይ ነው፤ በስተጀርባው ኬሻ እስከ ጣሪያው ድረስ ተደርድሯል። እዚያ የሚሆነውን ማን ያያል? ወረቀቱን ሲሰጠኝ እጄን ይይዝና አይለቅም። ማታ የት እንደምንገናኝ ይነግረኛል፤ አይጠይቀኝም፣ ይነግረኛል። እምቢ ባልሁ ሳምንት ቡናዬ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይመለስ ጀመር። ከዚያም አንድ ጠዋት በር ላይ ስም ሲጠራ የእኔ ተዘለለ። ደብዳቤ የለ፣ ምክንያት የለ። በእኛ ዘንድ ሰው ከሥራ የሚባረረው እንዲህ ነው፤ ስሙ ሳይጠራ ይቀራል።

አሁን «ምስክር አምጪ» ብትሉኝ ከማን ላምጣ? በመደዳው የተቀመጡት ሁሉ ያውቃሉ። ግን ነገ ጠዋት የእነርሱም ስም ይጠራል ወይም ይዘለላል።

የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ፣ ከአጂፕ፦
እህቴ፣ የደረሰብሽን ሳነብ አዝኛለሁ፤ ይህን የምለው ለወግ አይደለም። ነገር ግን ሸክሙ ይዙር በሚለው አልስማማም። ያልተደረገ ነገር «አለመደረጉን» ማስረዳት እንዴት ይቻላል? እኔ በምሠራበት ቦታ አንድ ጥበቃ በትንኮሳ ተከስሶ ከሥራ ታግዶ ነበር። ሲጣራ ነገሩ የፈረቃ ጠብ ሆኖ ተገኘ። ሰውየው ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ሰፈሩ ግን እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራዋል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ምን እንደሚባሉ ነግሮኛል።

ሌላም አለ። አሠሪው ሁልጊዜ በር ላይ ቆሞ ንጹሕ መሆኑን የሚያስረዳ ከሆነ ሴት መቅጠር ይፈራል። በወረቀት ላይ አይጽፈውም፤ ልቡ ውስጥ ግን ይወስናል።

ጠበቃ፦
ከሁለታችሁም ጋር በከፊል እለያያለሁ።

በቅድሚያ ለእህታችን። ደብዳቤ አለመኖሩ መብት የለሽም ማለት አይደለም። የሥራ ውል በቃልም ይመሠረታል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ የሠራተኛው መብት አይቀርም።

ሁለተኛ፣ ሕጉ ምን እንደሚል ሳናውቅ እንዳንከራከር። ትንኮሳውን የፈጸመው አሠሪው ወይም የሥራ መሪው ከሆነ ሠራተኛዋ ያለማስጠንቀቂያ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። የሥራ ስንብት ክፍያና የቀን ደመወዟ በ90 ተባዝቶ ካሳ ይከፈላታል። በሌሎች የአሠሪ ጥፋቶች ምክንያት ለሚለቅቅ ሠራተኛ ካሳው የ30 ቀን ነው። ሕግ አውጪው ይህን በደል ለይቶ ሦስት እጥፍ አድርጎታል። ፈጻሚው የሥራ ባልደረባ ከሆነ ግን ጉዳዩን በቅድሚያ ለአሠሪው ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ አሠሪው አውቆ ተገቢውን እርምጃ ሳይወስድ ሲቀር ነው ያለማስጠንቀቂያ የመልቀቅ መብት የሚመጣው። ያ ሚዛን ያዥ በሕጉ ዓይን «የሥራ መሪ» ነው ወይስ ባልደረባ? ያከራክራል። ለቃሚዋ ግን ከእርሱ በላይ አለቃ አታውቅም።

ከሁሉ በላይ የሚያበሳጨኝ ጊዜው ነው። ሠራተኛዋ በዚህ ምክንያት ውሉን የማቋረጥ መብቷ የሚቆየው 15 የሥራ ቀናት ብቻ ነው። አሠሪው ሠራተኛን በጥፋት ሲያሰናብት ግን ጥፋቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ 30 የሥራ ቀናት አለው። መዝገብ ቤትና አማካሪ ላለው 30፣ ገና መደንገጧ ላልለቀቃት 15። ይህን ባነበብሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ስለ ሸክሙ፣ ሙሉ በሙሉ ይዙር አልልም፤ ይከፈል እላለሁ። እርሷ መነሻውን ታሳይ፦ እዚያ ትሠራ እንደነበር፣ ቡናዋ ከአንድ ቀን ወዲህ በተደጋጋሚ መመለስ መጀመሩን፣ ስሟ መዘለሉን። ከዚያ በኋላ «ለምን ተዘለለች?» ለሚለው አሠሪው መልስ ይስጥ። የስም መጥሪያው ደብተር በማን እጅ ነው? የሚዛኑ ደብተርስ? ማስረጃው ያለው ማስረጃ ከማይጠየቀው ሰው ዘንድ ነው። ወንድሜ የጠቀሰው የጥበቃው ጉዳይም በዚህ መንገድ ይጸዳ ነበር፤ የፈረቃ መዝገቡ ራሱ ይናገር ነበርና።

ደግሞም እየተነጋገርን ያለነው ስለ ሥራ ክርክር ነው። በወንጀል ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 625 አሠሪነቱን ወይም ሥልጣኑን ተጠቅሞ ከሴት ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ሌላ የንጽሕና ክብርን የሚጻረር ድርጊት የፈጸመን ሰው የተበዳይ አቤቱታ ሲቀርብበት ይቀጣል፤ እዚያ የማስረዳቱ ሸክም የዐቃቤ ሕግ ነው፣ ይህ እንዲቀየር የጠየቀም የለም።

ጡረታ የወጡ መምህር፣ ከጂረን፦
ልጆቼ፣ ሁሉንም አነበብሁ። እኔ የምፈራው ፍርድ ቤት የገባ ነገር ሰውን ማቆራረጡን ነው። በዚህ ከተማ ስንት ነገር በሽምግልና ተፈትቷል! ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ያንን ሰው አስቀምጠው ቢገሥጹት ከካሳው ይልቅ አያርመውም ነበር ወይ?

ቡና ለቃሚ የነበረች፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ነው። ሽምግልና የተጣሉ ሰዎችን ያስታርቃል። እኔ ከሰውየው ጋር አልተጣላሁም፤ ሥራ ላይ ነበርሁ። ታርቄ የምመለሰው ወደዚያው ሚዛን ነው። ሽማግሌውም ቢሆን ቡናው የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ነገ ለልጁ ሥራ የሚለምነው እርሱን ነው።

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጄ፣ የመጨረሻውን አላሰብሁትም ነበር። ልክ ነሽ።

ሥራ ፈላጊ፣ ከቆጪ፦
እኔ ሌላ በር ልክፈት። በልጅነቴ ፖሊዮ አንድ እግሬን አድክሞታል። በሒሳብ አያያዝ ተመርቄያለሁ። የጽሑፍ ፈተና አልፌ ቃለ መጠይቅ ስገባ ጠያቂው ከወረቀቴ በፊት እግሬን አየ። «ሥራው መሯሯጥ አለው» አለኝ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ደረሰኝ የሚመዘግብ ሰው ወዴት ነው የሚሯሯጠው?

ይህን ያነሣሁት ለምንድን ነው? የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 «በአካል ጉዳቴ ምክንያት አድልዎ ተደረገብኝ» ለሚል ሰው የማስረዳቱን ሸክም አቅልሎለታል። ክሱን ሳቀርብ የጠያቂውን ልብ ከፍቼ እንዳሳይ አልጠየቅም፤ ያልቀጠረኝ በምን ምክንያት እንደሆነ ማስረዳት ያለበት እርሱ ነው። ይህ ሕግ ከ2000 ዓመተ ምህረት ጀምሮ አለ። በእርሱ ምክንያት የተዘጋ ድርጅት አላየሁም። ለእግሬ የተፈቀደው መንገድ ለእህቴ ክብር ለምን ይከለከላል?

ጠበቃ፦
ይህ ነው የክርክሩ ቁልፍ። በአገራችን ሕግ ውስጥ አዲስ ነገር አንጠይቅም፤ ያለውን ወደ ሌሎቹም እናስፋው ነው የምንለው። ኢትዮጵያ በሥራና በሙያ የሚደረግ አድልዎን የሚከለክለውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 111 ከተቀበለች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ ያጸደቀችው በ1958 ነው። ሕገ መንግሥቱም እኩልነትን በአንቀጽ 25 ደንግጓል። ቃል አልጎደለንም።

የሆቴል አስተናጋጅ፣ ከፈረንጅ አራዳ፦
እናንተ ስለ አለቃና ስለ ባልደረባ ትላላችሁ። እኔን የሚያስቸግረኝ ደንበኛ ነው። ሒሳብ ሲከፍል ወገቤን ይይዛል። ለኃላፊው ስናገር «ቻዪው፣ ጥሩ ከፋይ ነው» ይለኛል። አዋጁ ስለ ደንበኛ ምን ይላል?

ጠበቃ፦
አዋጁ ለመልቀቅ ምክንያት ይሆናሉ ሲል በስም የጠራቸው አሠሪውን፣ የሥራ መሪውንና ባልደረባን ነው። ደንበኛው አልተጠራም። ትርጉሙም ጠባብ ነው፤ ትንኮሳ የሚለው ሌላውን ሰው ያለፈቃዱ ለወሲብ ተግባር ለማግባባት መሞከርን ነው። በየቀኑ ስለ ሰውነትሽ የሚወረወረው ቃል፣ የሚያሸማቅቀው ሳቅ ከዚህ ትርጉም ሊያመልጥ ይችላል። ቢሆንም ኃላፊሽ «ቻዪው» ማለቱ የሠራተኛን ሰብአዊ ክብር ከመጠበቅ ግዴታው ጋር ይጋጫል፤ እኔ ብሆን በዚያ በኩል እከራከራለሁ። ቀላል ግን አይደለም፣ አልዋሽሽም።

የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ፦
ስለ ደብተሩ የተባለውን ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። እውነት ነው፤ መዝገቡ በእኛ እጅ ነው። ሸክሙ ይከፈል የሚለውን እቀበላለሁ፤ ሙሉ በሙሉ ይዙር የሚለውን ግን አሁንም አልቀበልም። አንድ ያልተመለሰልኝ ጥያቄ አለ። መርካቶ ውስጥ ሦስት ሰው ቀጥሮ ሱቅ የከፈተ ሰው ስም መጥሪያ የለውም፣ መዝገብ የለውም። ከእርሱ ምን ትጠብቃላችሁ? መዝገብ ያለው ትልቁ ድርጅት ወረቀቱን አሳምሮ ሲያመልጥ ትንሹ ነጋዴ ወረቀት ስለሌለው ብቻ ሊፈረድበት ነው።

ደግሞ የሙከራ ጊዜን አትርሱ። በ60 የሥራ ቀናት ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ አይደለም ተብሎ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል። እውነቱን ለመናገር በዚህ በር የሚወጣ ብዙ ነገር አይቻለሁ። እምቢ ያለችውን ሠራተኛ አለቃዋ «ተስማሚ አይደለችም» ብሎ ሲጽፍ እኔ ማኅተሙን የምመታው ሰው ነኝ። ይህን ስጽፍ እጄ ከብዶኛል።

ቡና ለቃሚ የነበረች፦
ወንድሜ፣ ይህን ስለጻፍህ አመሰግንሃለሁ። ለትንሹ ነጋዴ መልስ የለኝም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ማኅተሙን ከመምታትህ በፊት ልጅቷን ብቻዋን ጠርተህ «ምን ሆነሽ ነው?» ብለህ ታውቃለህ?

የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ፦
አላውቅም።

አዲስ አባል፦
እስከ አሁን እያነበብሁ ዝም ብዬ ነበር። የት እንደምሠራ አልጽፍም። ጠበቃው 15 የሥራ ቀናት ሲሉ ቀን መቁጠሪያ አውጥቼ ቆጠርሁ። አለቃዬ ያን ነገር ካደረገብኝ ዛሬ 11ኛ ቀኔ ነው፤ ቅዳሜን ከቆጠርሁ ግን 13ኛ። ቅዳሜ ይቆጠራል ወይ?

ጠበቃ፦
እህቴ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ ቅዳሜ የሚሠራ ከሆነ ቁጠሪው። 13ኛ ነው ብለሽ ተነሺ። ለመልቀቅ ከወሰንሽ ማመልከቻውን በጽሑፍ አድርጊው፤ ምክንያቱን በግልጽ ጻፊ፣ የምትለቅቂበትንም ቀን ጻፊ። «በግል ምክንያት» ብለሽ እንዳትጽፊ፤ ያ ቃል ካሳሽን ያስቀርብሻል። ስታስገቢ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርምልሽ፤ አልፈርምም ካለ አንድ የምታምኚውን ሰው ይዘሽ ግቢ። የላከልሽ መልእክት ካለ አታጥፊው። ነገ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ቢሮ እሆናለሁ፤ አድራሻውን በውስጥ መስመር ልኬልሻለሁ። ክፍያ የለውም።

ቡና ለቃሚ የነበረች፦
ብቻሽን አትሄጂም። የሆቴሏ አስተናጋጅም ከፈለገች ትምጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በአዌቱ ድልድይ አጠገብ ቆሜ እጠብቃችኋለሁ፤ ነጭ ሻርፕ ለብሼ።

አዲስ አባል፦
እመጣለሁ።