በፌስታል ፋንታ «የሚበሰብስ» ፕላስቲክ ይፈቀድ? የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች ክርክር

አትክልት ነጋዴ፣ ደሴ ሰኞ ገበያ፦
ሰላም ጀመዓ። ምክር ቤቱ በ2017 ዓ.ም ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል፤ ጥሩ። ግን እኔ ቲማቲም ሻጭ ነኝ፣ ደንበኛዬም ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። አሁን ከበቆሎ የሚሠራ፣ በቃጫ የሚጠነክር፣ አፈር ውስጥ የሚበሰብስ ፕላስቲክ አለ ይሉናል። በእሱ ብንቀጥል ምን ትላላችሁ? የምትቃወሙ ምክንያታችሁን ንገሩኝ።

መምህር፣ ኮምቦልቻ፦
ለከረጢት ከሆነ እቃወማለሁ። «ይበሰብሳል» ሲሉህ «የት?» በላቸው። የበቆሎ ስኳር ተብላልቶ ከሚገኘው ላክቲክ አሲድ የሚሠራው ፒኤልኤ የሚባል ፖሊመር (ፕላስቲኩ የሚሠራበት ዋናው ንጥረ ነገር) ቶሎ የሚፈርሰው ሙቀቱ 58 ዲግሪ አካባቢ በሚደርስ ትልቅ የኮምፖስት ማብላያ ውስጥ ነው። በጦሳ ተራራ ብርድ ይፈርሳል ብለን እንጠብቅ? ቦርከና ወንዝ ቢገባም ለዓመታት እንዳለ ይቆያል። ደግሞ ቃጫ የሚገባው ስስ ከረጢት ውስጥ ሳይሆን ወፍራም ዕቃ ውስጥ ነው። የነገሩህ ሰዎች ሁለት ነገር ቀላቅለውብሃል።

የቤት እመቤት፣ ደሴ ሆጤ፦
እኔን የሚያመኝ ሌላ ነው። በቆሎ? ወሎ ላይ ሆነን? እናቴ የ66ን ረሃብ አይታለች። ዛሬም እህል መሬት ላይ ወድቆ ካየች ጎንበስ ብላ ሳትለቅም አታልፍም። እሷ ፊት «እህል ለከረጢት ሆነ» ብዬ መናገር አልችልም።

የፋብሪካ ቴክኒሻን፣ ኮምቦልቻ፦
እቱ፣ ስሜትሽ ይገባኛል። ግን ቃጫው የሚጨመረው የፖሊመሩን ድርሻም ለመቀነስ ነው፤ ከክብደቱ ሲሶው ቃጫ ቢሆን የዚያን ያህል ሙጫ፣ ማለትም ቃጫውን የሚያያይዘው ፖሊመር፣ ይተርፋል። ቃጫ የሚወጣበት ሲሳል የሚባለው ተክል ደግሞ በየአጥሩ፣ በየጭንጫው ይበቅላል፤ ከእህል ጋር አይሻማም። ጀርመኖች የመኪና በር ውስጠኛ ልባስ ሳይቀር በተልባ አገዳ ቃጫ ይሠራሉ። ተክሉ አለን፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለን። እስከ መቼ ከውጭ እንገዛለን?

መምህር፦
የጀርመኖቹን በር እዚህ አታምጣው። ያ ቃጫ በአብዛኛው የሚታሰረው ፖሊፕሮፒሊን በሚባል ተራ ፕላስቲክ ነው፣ አይበሰብስም። ቃጫው የተፈጥሮ ስለሆነ ሙጫውም የተፈጥሮ ነው ማለት አይደለም። ከሲሳል ቅጠልም ከመቶ አራት እጅ ገደማ ብቻ ነው ቃጫ የሚወጣው፤ ቀሪው ዝቃጭ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ቃጫ ውሃ ይወዳል፣ ሙጫው ውሃ ይሸሻል፤ እንዲያያዙ ቃጫው በኮስቲክ ሶዳ፣ በኃይለኛ ኬሚካል፣ ይታጠባል። ያ እጣቢ የት ይፈስሳል? ቦርከና የፋብሪካ ፍሳሽ በቅቶታል። ማጣሪያ ለሌለው ፋብሪካ ድምፄን አልሰጥም።

አንድ ቦታ ላይ ግን እስማማለሁ፤ የችግኝ መያዣ። በየክረምቱ ተራራ ላይ ስንተክል ጥቁሩን ፕላስቲክ ቀድደን እዚያው ጥለን እንወርዳለን። አምና ከተማሪዎቼ ጋር ወጥተን ቀኑን ሙሉ የዋልነው እሱን ስንለቅም ነው። አንድ ወጣት ልጅ ሦስት ማዳበሪያ ሞልቶ ሲወርድ አይቼ አፈርኩ። ከቃጫና አፈር ውስጥ በቀላሉ ከሚፈርስ ስታርች የተሠራ መያዣ ግን ከነችግኙ ይቀበራል። ውሃ መምጠጡ ሌላ ቦታ ጉድለት ነው፤ እዚህ ግን ይጠቅማል፣ ሥሩ ጎኑን በስቶ ይወጣል። ችግሩ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ በየቀኑ ውሃ እየጠጣ እስከ ሐምሌ ሳይፈርስ ይቆያል ወይ የሚለው ነው።

ቴክኒሻኑ፦
የእጣቢውን ነገር ተቀብያለሁ። ለችግኝ ያን ያህል ጥንካሬ ስለማያስፈልግ ቃጫውን በተራ ውሃ ብቻ አጥቦ መሞከር ይቻላል። ከዚያ እንጀምር።

ነጋዴው፦
አብሽር፣ ችግኙ መፍትሔ አገኘ። የእኔ ቲማቲምስ?

የቤት እመቤቷ፦
ዘንቢል አከራይ! ማስያዣ ተቀበል፣ ሲመልሱ ገንዘባቸውን መልስ።

ነጋዴው፦
ይመልሱታል ብለሽ ነው?

የቤት እመቤቷ፦
ብራቸው አንተ ጋ እያለ? ሰኞ መጥቼ የመጀመሪያውን የምወስደው እኔ ነኝ።