ያማሃ ዲኤክስ7፦ ባትሪ ስቀይር ድምፆቹ እንዳይጠፉ?

ኪቦርድ_ጠጋኝ፦ ሲንተሳይዘሬ (ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ) የመጀመሪያው ዲኤክስ7 ሞዴል (እ.ኤ.አ. 1983) ነው። ሲበራ «ቼንጅ ባትሪ» (ባትሪ ቀይር) ይላል፤ ባትሪው ደግሞ ቦርዱ ላይ በሊድ የተበየደ ነው። የተቀመጡትን ድምፆች እንዴት ላትርፍ?

ሽቦ፦ ወንድሜ፣ ካውያውን (የመበየጃውን ብረት) ከማንሳትህ በፊት 32ቱንም ድምፆች በሚዲ (የሙዚቃ መሣሪያን ከኮምፒውተር በሚያገናኘው መስመር) ወደ ኮምፒውተር አውጣ። «ፈንክሽን» የሚለውን ቁልፍ ተጭነህ 8 ቁጥርን ደጋግመህ ተጫን፤ «ሲስ ኢንፎ አቬይል» ላይ አድርገህ 8ን እንደገና ስትጫን ልላክ ወይ ብሎ ይጠይቅሃል፣ «የስ» በል። የደረሰህ ፋይል ልክ 4104 ባይት መሆን አለበት፤ ካነሰ ድገመው።

ባትሪው ተራው ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ነው። አዲሱን ባትሪ ራሱን ግን አትበይደው፣ ሙቀት ሊያፈነዳው ይችላል። መያዣ በይድና ባትሪውን እዚያ ክተት፤ የሚቀጥለው ቅያሬ ያለ ካውያ ያልቃል። የድሮውን ስታወጣ ሊዱን በመምጠጫ አንሳ እንጂ አትጎትት፣ የቦርዱ መዳብ ይላጣል። ባትሪውን ከማውጣትህ በፊት ፕላስና ማይነሱ በየት በኩል እንደሆነ ፎቶ አንሳ።

ራም_ቺፕ፦ በሽቦ ሐሳብ እስማማለሁ። ሲበራ የድምፆቹ ስም የተዘበራረቀ ፊደል ሆኖ ቢታይ አትደንግጥ፤ ራሙ (ድምፆቹን የሚይዘው ሜሞሪ) ኃይል ስለተቋረጠበት ነው፣ ቦርዱ አልተበላሸም። ፋይሉን ከመመለስህ በፊት «ሜሞሪ ፕሮቴክት»ን (ሜሞሪው እንዳይቀየር የሚቆልፈውን) አጥፋ፣ አለዚያ አያስቀምጠውም። ብዙ ሰው ሚዲው ተበላሸ ብሎ ኬብል የሚቀያይረው እዚህ ጋ ነው።