ዲዝኒ ወይስ ዩኒቨርሳል? ጎብኚን ጭልጥ አድርጎ የሚወስደው የቱ ነው?

አንደኛ ተከራካሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የቲም ፓርክ (በአንድ ታሪክ ወይም ዓለም ዙሪያ የተሠራ የመዝናኛ ፓርክ) ወዳጆች በተገናኘን ቁጥር የምንጨቃጨቅበትን ነገር ዛሬ በግልጽ እናውራው። የሠሩትን ዓለም እውነት አስመስሎ፣ የገባውን ሰው ጭልጥ አድርጎ በመውሰድ ማን ይበልጣል፣ ዲዝኒ ወይስ ዩኒቨርሳል? ስለ ሮለር ኮስተር ፍጥነት አይደለም የማወራው። ስለ ቦታው ነው። ስለ ግንቡ፣ ስለ ድምፁ፣ ሠራተኛው ስለሚናገረው፣ እጅህ ስለሚነካው ነገር። (ዓመቶቹን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የኔ መልስ ዩኒቨርሳል ነው። ጎብኚውን ሥራ ያሲዘዋላ! በ2014 ኦርላንዶ ላይ የተከፈተውን የሃሪ ፖተር የአስማተኞች መንደር፣ ዳያጎን አሊን ውሰዱ። ከውጭ የምታዩት ተራ የለንደን ሕንፃ ነው። መግቢያው በዚህ ነው የሚል ትልቅ ሰሌዳ የለም። በጡቡ ግድግዳ መሃል ታጠፍ ስትሉ መንገዱ ድንገት ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ጫፉ ላይ ባንኩ አለ፣ ጣሪያው ላይ ዘንዶ ተቀምጦ በየተወሰነ ጊዜ እሳት ይተፋል። እሺ፣ ይሄ የዓይን ነገር ነው፤ ገንዘብ ያለው ሁሉ ሊሠራው ይችላል። ዋናው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። የአስማት በትርህን ይዘህ አንድ የሱቅ መስኮት ፊት ትቆማለህ። መሬቱ ላይ እጅህን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ የሚያሳይ ምልክት ተቀርጿል። ምልክቱን ተከትለህ በትሩን ታወዛውዛለህ፣ መስኮቱ ውስጥ ያለው ዕቃ ይንቀሳቀሳል። ካልሆነልህ ሠራተኛው ጠጋ ብሎ አያያዝህን ያስተካክልልሃል። ባንኩ ጋ ዶላርህን ወደ አስማተኞች ገንዘብ ትመነዝራለህ፣ በዚያው ገንዘብ እዚያው ትገበያያለህ። ውጭ ባለው ቀይ የስልክ ዳስ ገብተህ 62442 ብትደውል የአስማት ሚኒስቴር ያነሳልሃል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ቆመህ የምትመለከት ሰው አይደለህም፤ የመንደሩ ሰው ሆነሃል።

ዲዝኒ ደግሞ አሳምሮ ይሠራና ከሩቅ እንድታደንቀው ይተውሃል።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦

አይ ወንድሜ፣ ይሄ ፍርድ አዳልቷል። ሲጀመር በትሩን ያልገዛውስ? ትኬት ከፍሎ ገብቶ፣ የሌላ ልጅ እጅ ሲወዛወዝ እያየ መስኮት ለመስኮት የሚዞር ልጅ አለ። ሱፐር ኒንቴንዶ ወርልድም እንደዚያው ነው፤ ሣጥኑን በጡጫህ ትመታለህ፣ ሳንቲሙ የሚቆጠርልህ ግን ለብቻው የሚሸጠውን የእጅ ባንድ ካሰርክ ነው። ተሳትፎውን በችርቻሮ እየሸጡ ጎብኚውን ሥራ አስያዝን ማለት አይቻልም።

ዲዝኒ ሥራ አያሲዝም ያልከው ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። በ2019 የተከፈተው የዲዝኒ የስታር ዋርስ አካባቢ፣ ጋላክሲስ ኤጅ ውስጥ ያለችው የጠፈር መርከብ 6 ሰው ትይዛለች፤ 2ቱ አብራሪ፣ 2ቱ ተኳሽ፣ 2ቱ መካኒክ። አብራሪው ካበላሸ መርከቧ ትጋጫለች፣ መካኒኩ ይጠግናታል። ከመርከቧ ውጭ ደግሞ ስልክህ ላይ ባለው የዲዝኒ አፕ የሩቅ ፕላኔቷን ፊደል ትተረጉማለህ፣ በሮች ላይ ያሉትን መሣሪያዎች ትጠልፋለህ። ለአፑ አምስት ሳንቲም አትከፍልም።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ፣ አንተም ስለ ቦታ ነው ያልከው። ጋላክሲስ ኤጅ ውስጥ ዝቅ ብለህ መሬቱን እይ። ሲሚንቶው ላይ የሮቦት ጎማ ዱካ ታትሟል። ሲከፈት መንገዱ ላይ ሙዚቃ አልነበረም፤ ከላይ የሚያልፍ የመርከብ ድምፅ፣ ከሩቅ የሚጮህ እንስሳ፣ የሞተር ጉርምርምታ ብቻ። ዕቃዎቹ ላይ የፊልሙ አርማ አልተለጠፈም፣ በዚያ ዓለም ውስጥ ፊልም የለማ! ሠራተኛው ጠዋት ሰላም የሚልህ በፕላኔቷ አነጋገር ነው። ኮካ ኮላውን እንኳ ክብ ጠርሙስ ውስጥ ከተው በዚያ ፊደል ጻፉበት። የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ጥበቃ ቦምብ ይመስላል ብሎ መጀመሪያ ከልክሎት ነበር፣ በኋላ ነው የፈቀደው። ዩኒቨርሳል በሃሪ ፖተር አካባቢዎቹ ኮካ አይሸጥም፣ ጥሩ፤ ዲዝኒ ግን ኮካውን ራሱን የዚያ ዓለም ሰው አደረገው።

አንድ ልጨምር። ዩኒቨርሳል ሁለቱን የሃሪ ፖተር አካባቢዎች በባቡር አገናኘሁ ይላል። ባቡሩ የሚነሳው ከአንዱ ፓርክ፣ የሚደርሰው ሌላው ፓርክ ነው። ሁለቱን ፓርክ የሚያስገባ ትኬት ከሌለህ አትሳፈርም። ታሪኩ መሃል ላይ ትኬት እየተጠየቅክ ምን ዓይነት ሕልም ነው የምታየው?

አንደኛ ተከራካሪ፦

ባቡሩን እንኳ ባትነካው ጥሩ ነበር። ጣቢያው ውስጥ ከፊትህ ያለው ሰው ግድግዳ ሰንጥቆ ሲገባ ታያለህ። ተሳፍረህ በመስኮት የምታየው ደግሞ ስትሄድ ሌላ፣ ስትመለስ ሌላ ነው። ከአንድ ዓለም ወደ ሌላው የሚያሸጋግርህ ጉዞው ራሱ ነው። ዲዝኒ ይሄን የሚያህል መሸጋገሪያ የት አለው?

ስለ ጋላክሲስ ኤጅ የዘረዘርከው ዱካና ጠርሙስ ሁሉ እውነት ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ከመከፈቱ በፊት ምን ተባለ? መርከቧን ካጋጨሃት ወሬው ቀድሞህ መጠጥ ቤቱ ይደርሳል፣ አሳላፊው ያውቅሃል፣ የሚፈልግህ ሰው ይመጣብሃል ተባለ። ተከፈተ፤ ከመርከቧ ስትወርድ ግን የሚያውቅህ የለም። ያ ተስፋ በመጨረሻ የመጣው በ2022 በተከፈተው የስታር ዋርስ ሆቴል ነው፤ እዚያ በእርግጥ ተዋናዮቹ ስምህን ይዘው፣ ያደረግከውን እያስታወሱ ታሪክ ውስጥ ያስገቡህ ነበር፣ ሰውም ተደስቶበታል። ዋጋው ግን ለሁለት ሰው ለሁለት ሌሊት 5,000 ዶላር ሊሞላ ምንም አልቀረው። በ2023 መስከረም ላይ ተዘጋ። ስለዚህ በትር ተሸጠ ብለህ ዩኒቨርሳልን ከወቀስክ፣ ዲዝኒ ዋናውን ነገር ከፓርኩ አውጥቶ ለብቻው መሸጡን ምን ልትለው ነው?

ከዚያ ደግሞ የጊዜው ነገር። ቦታውን ከፊልሞቹ ዘመን በአንዱ ላይ ቸንክረውት ስለነበር ሰው የሚወዳቸውን የድሮዎቹን ገጸ ባሕርያት ፈልጎ ያጣቸው ነበር። ዲዝኒ ራሱ የካሊፎርኒያውን ጋላክሲስ ኤጅ የጊዜ ገደብ እንደሚያሰፋ በ2025 አስታወቀ። ጎብኚው የሚፈልገውን ቢጠይቁት ኖሮ ከመጀመሪያውም አይቸነክሩትም ነበር።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦

እናንተ ወንድሞች፣ ሁለታችሁም የፊልም ቤት ውስጥ ናችሁ። ሃሪ ፖተርን ላላነበበ፣ ስታር ዋርስን ላላየ ሰው የዘረዘራችሁት ሁሉ ምን ያደርግለታል? በትሩ እንጨት ነው፣ ጠርሙሱ ጠርሙስ ነው። የናንተ ቦታዎች ግማሹን ሥራ የሚሠራላቸው ሰውዬው ከቤቱ ይዞት የመጣው ፍቅር ነው።

እኔ የምመርጠው ማንንም ፊልም ሳይደገፍ የሚቆም ቦታ ነው። በ2001 የተከፈተውን ቶኪዮ ዲዝኒሲን አስቡ። ስሙ ዲዝኒ ይሁን እንጂ ባለቤቱ ኦሪየንታል ላንድ የሚባል የጃፓን ኩባንያ ነው፣ ለዲዝኒ የስም ኪራይ ይከፍላል። መሃሉ ላይ እሳተ ገሞራ ተራራ አለ። ወደቡን የከበበው የጣሊያን ከተማ የሚመስለው ሕንፃ እውነተኛ ሆቴል ነው፣ ሰው መስኮት ከፍቶ ፓርኩን ቁልቁል ያያል። በሌላው በኩል የሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኒው ዮርክ አለ፣ ግዙፍ መርከብ ቆሞበታል። እዚያ ያለው የሽብር ማማ (ታወር ኦፍ ቴረር የሚባለው፣ ሰውን ከላይ ወደ ታች የሚጥል መጫወቻ) አሜሪካ ውስጥ እንዳለው በቴሌቪዥን ድራማ ላይ አልተመሠረተም። የራሱ ታሪክ አለው፤ ከዓለም ዙሪያ ቅርስ እየዘረፈ ሆቴሉን የሞላ አንድ ሀብታም፣ ከኮንጎ ባመጣው ጣዖት ምክንያት አንድ ሌሊት ጠፋ። ሰልፍ ላይ ቆመህ ግድግዳውን ስታይ ታሪኩ በሥዕል፣ በፎቶ፣ በዕቃው ይነገርሃል። ቀድመህ ማወቅ ያለብህ ምንም ነገር የለም።

ፍሎሪዳም ውስጥ አንድ አለ፤ አኒማል ኪንግደም በሚባለው የዲዝኒ ፓርክ ያለው ሐራምቤ። በ1998 ነው የተከፈተው። በኬንያ ጠረፍ ያለችውን ላሙን አስመስለው የፈጠሩት ከተማ ነው። የሚገርመው አዲስ አድርገው አለመሥራታቸው ነው። ልስኑ ተልጧል፣ ውስጡ ያለው ድንጋይ ይታያል። ቀለሙ ፀሐይ የበላው ነው። ማስታወቂያው በማስታወቂያ ላይ ተለጥፎ ዳሩ ተቀዷል። አንድ ባለሙያ ቁጭ ብሎ ይሄ ግድግዳ ስንት ዝናብ አይቷል ብሎ አስቦበታል ማለት ነው። ለኔ ከዘንዶው እሳት ይልቅ ያ የተላጠ ግድግዳ ይበልጥብኛል።

የሚያናድደኝ ግን ዲዝኒሲም ራሱ ወደ ፊልም እየሄደ መሆኑ ነው። በ2024 የከፈቱት ፋንታሲ ስፕሪንግስ 320 ቢሊዮን የን ፈሰሰበት፤ ሦስቱም ክፍሎቹ በፊልም ላይ የቆሙ ናቸው። ያምራል፣ እጅግ ያምራል። ያ ሁሉ ገንዘብ ግን አንድ ያልታወቀ አዲስ ዓለም ሊፈጥር ይችል ነበር።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦

እህቴ፣ ያልሽው ልክ ነው፤ የሚጠናከረውም የኔ ሐሳብ ነው። ሐራምቤን የሠሩት የዲዝኒ ሰዎች ናቸው፣ ዲዝኒሲንም የነደፉት እነሱ ናቸው። ይሄ ከ1955 ጀምሮ የመጣ ዕውቀት ነው። የመጀመሪያው ዲዝኒላንድ ሲሠራ ፓርኩን በአፈር ግድብ ከበው ውጭ ያለው ከተማ እንዳይታይ አደረጉ። ኦርላንዶ ያለው የሽብር ማማ ደግሞ ከሌላ ፓርክ፣ ከኤፕኮት፣ እዚያ ሞሮኮን ከሚወክለው ሕንፃ ጀርባ ብቅ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቀለሙንና ጣሪያውን ከሞሮኮው ጋር እንዲሄድ አድርገው ሠሩት። ኤፕኮት የቆመ ሰው የሌላ ፓርክ ማማ እያየ መሆኑ አይገባውም። ዩኒቨርሳል ግን በፍሎሪዳ ጠራራ ፀሐይ በረዶ የለበሱ የሆግስሚድ (የሌላው የሃሪ ፖተር መንደር) ጣሪያዎችን ሠርቶ ከዳይኖሰሮቹ ደን አጠገብ አስቀመጠ።

አራተኛ ተከራካሪ፦

ልጆች፣ በጥሞና ሳነብ ቆየሁ። የምትከራከሩት ቦታው ሲከፈት ስለነበረው ነው። እኔ የምጠይቀው ከዓመታት በኋላ ስለሚሆነው ነው። እዚያው ሐራምቤ ያለበት ፓርክ ውስጥ በ2006 የኤቨረስት ሮለር ኮስተር ተከፈተ። ዝርዝሩ ድንቅ ነው፣ የጸሎት ባንዲራው፣ የተራራ ተጓዦች ዕቃ የሞላው የሰልፉ መንገድ። ሁሉም የሚያዘጋጅህ መጨረሻ ላይ እጁን ለሚዘረጋብህ ግዙፍ የበረዶ አውሬ ነው። አውሬው ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ መንቀሳቀስ አቆመ። ብልጭ ድርግም በሚል መብራት የሚንቀሳቀስ አስመስለውት ዓመታት አለፉ። ታሪኩ ሁሉ ወደ አንድ ነገር እየወሰደህ ያ ነገር ከቆመ፣ የተላጠው ግድግዳ ማማሩ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ለዲዝኒ ከዕውቀት ነጥብ ስትሰጡ፣ ከጥገና ደግሞ ቀንሱ።

ሁለተኛው፣ ስልክ። አፑ በነፃ ነው ላልከው ልጅ መልስ አለኝ። ነፃ መሆኑ ጥሩ ነው። ግን ያን ሁሉ ግንብና ድምፅ ሠርተው ሰዉን አንገቱን ደፍቶ የስልክ መስታወት እንዲያይ አደረጉት። በዚያው ስልክ ወረፋ ይይዛል፣ ምግብ ያዝዛል፣ የሰልፍ መዝለያ ይገዛል። ሌላ ፕላኔት ላይ ቆሞ ጣቱ ደቂቃ ያሳድዳል። በትሩ ግን ዓይንህን ከመስኮቱ ላይ አያነሳም። በዚህ ነጥብ ከመጀመሪያው ተናጋሪ ጋር ነኝ።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦

ጋሼ፣ የአውሬውን ነገር አልከራከርዎትም፣ ዲዝኒን የምወድ ሁሉ የምንቆጭበት ነው። ስልኩ ላይ ግን የዩኒቨርሳልም እጅ አለበት። እነሱም አፕ አላቸው፣ እነሱም የሰልፍ መዝለያ ይሸጣሉ፤ ያውም በጣም ውድ።

አንደኛ ተከራካሪ፦

ጋሼ ያነሱት የዓይን ነገር ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። እህቴ ላልሽው ደግሞ አንድ መልስ ልስጥ። ፊልም ሳያይ የሚገባ ሰው ምን ያገኛል ብለሻል። በ2025 ግንቦት የተከፈተውን የዩኒቨርሳል አዲስ ፓርክ፣ ኤፒክ ዩኒቨርስን እዪ። እያንዳንዱ ዓለም በራሱ በር ተዘግቷል፤ በሩን ስታልፊ ጎረቤቱ ከዓይንሽ ይጠፋል። ከነዚህ አንዱ ዳርክ ዩኒቨርስ ነው። የፍራንከንስታይንና የመሰል ጭራቆች መንደር ነው፣ ፊልሞቹ የተሠሩት ከዘጠና ዓመት በፊት ገደማ ነው። ዛሬ የሚገባው ወጣት አብዛኛውን አላያቸውም። ግን አንድ የሚነድ የንፋስ ወፍጮ ያያል። እሳቱ እውነተኛ እሳት ነው። ወፍጮው ውስጥ ሰው ይበላል፣ ይጠጣል። ምን ሆኖ ነው የተቃጠለው ብሎ ለመጠየቅ ፊልሙን ማየት አያስፈልገውም፣ መንደሩን መዞር ይበቃዋል። አንቺ ከዲዝኒሲ የምትወጂው ነገር እዚያ አለ ባይ ነኝ።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦

ወፍጮውን እቀበላለሁ፣ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን እዚያው ፓርክ ውስጥ ካሉት ከአምስቱ ክፍሎች በፊልም ወይም በቪዲዮ ጌም ላይ ያልቆመው መሃሉ፣ ሴለስቲያል ፓርክ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ወደ ሌሎቹ የምታልፍበት አደባባይ ነው። ያልታወቀ ዓለም ለመፍጠር የደፈሩበትን ቦታ መተላለፊያ አደረጉት። በሩ አንድ የበለጠ ቢኖረው፣ ከበሩ ጀርባ ያለውንም ማንም ቀድሞ የማያውቀው ቢሆን፣ ያን ጊዜ ድምፄን ለዩኒቨርሳል እሰጥ ነበር። እስካሁን ግን ሐራምቤን የሚበልጥ አላሳያችሁኝም።