«ማን ጎደለ?» ሲባሉ ዝም የሚሉ የ5 ዓመት ልጆች፦ ሂሳዊ ንባብ ከየት ይጀመራል?

የምንጣፍ ጥግ (ጠያቂ)

ሰላም መምህራን። ክፍሉ ከ5 እስከ 6 ዓመት ያሉ 24 ልጆች ያሉበት ነው፤ በቀን 20 ደቂቃ ጮክ ብሎ የማንበቢያ ጊዜ አለን። ታሪክ ይወዳሉ። «ቀጥሎ ምን ይሆናል?» ሲባሉ እጁን የማያወጣ የለም። ጥያቄው ወደ ሂሳዊው፣ ጽሑፉን ራሱን ወደሚመረምረው ሲዞር ግን ነገሩ ሁሉ ይቀዘቅዛል። «ይህን መጽሐፍ ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ታሪኩ ውስጥ ማን ጎደለ?» ሲባሉ ወይ ዝም ነው፣ ወይ ደግሞ ሥዕሉ ምንም ይሁን ምን «ሴቶችም ይችላሉ!» ብለው በአንድ ድምፅ መመለስ ነው። ይህቺ መልስ እኔን ደስ ለማሰኘት የምትባል እንጂ መጽሐፉን አይተው ያመጧት አይደለችም።

ሦስት ነገር ልጠይቅ። ጥያቄዎቹ በምን መልክ ቢቀርቡ ልጆቹ እውነት ያስባሉ? «ፊደል ሳይጨርሱ ይሄ ምን ያደርግላቸዋል?» ለሚሉ ወላጆችና ባልደረቦች ምን ይባላል? እየገባቸው መሆኑስ በምን ይታወቃል? እህታችሁ።

ሁለተኛ ንባብ

እህቴ፣ ልጆቹ ዝም ያሉት ማሰብ አቅቷቸው አይደለም። ጥያቄው የማይታይ ነገር ስለሚጠይቅ ነው። የጎደለ ሰው ሥዕሉ ላይ የለም። የ5 ዓመት ልጅ ያለውን ያያል፤ የሌለውን ለማየት ግን አጠገቡ የሚያስተያየው ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ማን ጎደለ?» መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ እሱም ሁለት መጻሕፍት ጎን ለጎን ተከፍተው ሲታዩ ብቻ።

መጽሐፉ መጀመሪያ ሲነበብ ምንም ሂሳዊ ጥያቄ አታንሺ። ልጅ ያልወደደውን ታሪክ አይመረምርም፤ የወደደውንም መሃል ላይ ሲቆርጡበት ይከፋዋል። አንድ መጽሐፍ ለ4 ቀን ይበቃል። ሰኞ ከዳር እስከ ዳር ይነበብ፣ ከባድ ቃል ብቻ በአጭሩ ይፈታ። ማክሰኞ ልጆቹ ሥዕሉን እያዩ መልሰው ይተርኩት። ረቡዕ አንድ ሂሳዊ ጥያቄ፣ እሱም አንድ ብቻ። ሐሙስ ከመጽሐፉ አንዷን ገጽ እንደገና ይሥሯት። ሐሙስን የሚዘል አስተማሪ ብዙ ነው፤ ጉዳቱም እዚያው ነው። መጽሐፍ በሰው እጅ የተሠራ፣ በሌላም መልክ ሊሠራ ይችል የነበረ ነገር መሆኑ ለልጅ የሚገባው ራሱ ሲሠራው ነው።

ለረቡዕ ቆጠራ ጥሩ መነሻ ነው። ሁለት ኩባያና ወደ 30 ቆርኪ አዘጋጂ። በአንዱ ኩባያ ላይ የአንዱን ገጸ ባሕርይ፣ በሌላው የሌላዋን ሥዕል ለጥፊ። ስታነቢ አንዳቸው በተናገሩ ቁጥር ተረኛው ልጅ አንድ ቆርኪ ይጥላል። ሲያልቅ ቆርኪዎቹን ምንጣፉ ላይ በሁለት ረድፍ ደርድሯቸው። የ14 ቆርኪ ረድፍና የ3 ቆርኪ ረድፍ ጎን ለጎን ሲታይ ዝም የሚል ልጅ አታገኚም። «ማን በለጠ?» ላይ ከቆምሽ ግን የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሆኖ ይቀራል። ወዲያው ብዙ ያልተናገረችው ወደምትታይበት አንድ ገጽ ተመለሺና «እዚህ ጋ ዝም ብላለች። ምን ልትል ትችል ነበር?» በይ። የሐሙሱ ሥራም ከዚሁ መልስ ይወጣል።

ሁለት ነገር ደግሞ ልብ በይ። 24 ልጅ ይዞ ውይይት አይሆንም፤ አራቱ ሲያወሩ ሃያው ይቁነጠነጣል። ስምንት ስምንት አድርገሽ ከፍለሽ ለእያንዳንዱ ቡድን ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ስጪ፤ የቀሩት በየጥጋቸው ይሥሩ። ሌላው ከጥያቄ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባሉት ተመራማሪ ክፍሎችን ሲያጠኑ አስተማሪ ከጠየቀ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚጠብቅ፣ ጥበቃው 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መልሶች እንደሚረዝሙና ዝምተኞቹም እንደሚናገሩ አሳይተዋል። በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ።

ባለቤትና ማሰሪያ

ሁለተኛ ንባብ ያለውን እደግፋለሁ፤ ቆጠራው ላይ ግን ጥንቃቄ ይግባ። ቁጥሩ እኩል የሆነ መጽሐፍ ሁሉ ሚዛናዊ አይደለም። 10 ጊዜ የተናገረችው ገጸ ባሕርይ አሥሩንም ጊዜ «እርዱኝ!» ስትል ከቆየች ቆርኪው ያታልላል። ከተቆጠረ በኋላ «ስትናገር ምን ትል ነበር?» የሚል መከተል አለበት።

በአማርኛ ለምናነብ ሰዎች ደግሞ ከቆርኪም የቀረበ መሣሪያ አለን፤ ቋንቋው ራሱ። አማርኛ ጾታ ሳይናገር አያልፍም። በአክብሮት «መረመሩ» ካላልን በቀር ወይ «ሐኪሙ መረመረ» ነው፣ ወይ «ሐኪሟ መረመረች» ነው። እንስሳትም ላይ እንዲሁ። ትንሿንና የምታሳሳዋን በሴት፣ ግዙፉንና አስፈሪውን በወንድ መጥራት ለምደናል፦ «ትንሿ አይጥ ሮጠች»፣ «አንበሳው አገሳ»። አይጧ ሴት መሆኗን ሥዕሉ አይናገርም። ጸሐፊው፣ ተርጓሚው፣ አንዳንዴም ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ወስኖላታል። «ማን ጻፈው?» የሚለው ጥያቄ ለልጅ ሩቅ ነው፤ «አይጧ ሴት እንድትሆን ማን ወሰነ?» የሚለው ግን ይጨበጣል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከመጽሐፉ ከ4 እስከ 6 ዓረፍተ ነገር ይመረጥ። አንዴ እንዳለ ይነበብ፣ ቀጥሎ ተገልብጦ፦ «አንበሳዋ አገሳች፤ አይጡ ፈርቶ ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።» ልጆቹ ይስቃሉ። ሳቁን አታቁሙት፣ «ምን ያስቃል?» ብላችሁም አትቆጡ። ትንሽ ጠብቃችሁ «የቷ ቃል ላይ ሳቃችሁ?» በሉ። «አገሳች» ላይ መሆኑን ሲደርሱበት ውይይቱ ከእነሱ ጀመረ ማለት ነው፤ ሴት አንበሳ ታገሳለች ወይስ አታገሳም ብለው ይከራከራሉ። (ታገሳለች። ይህን ንገሯቸው፤ እውነቱን መደበቅ ሂሳዊ ንባብ አይደለም።)

ሁለተኛው አክብሮት ነው። «ንጉሡ ተቀመጡ፤ ዘበኛው ቆመ፤ አሮጊቷ ለማኝ መጣች።» አሮጊቷ በዕድሜ ከንጉሡ ትበልጥ ይሆናል፤ ግሱ ግን «መጡ» አላላትም። ልጆቹ ትልቅ ሰው አንቱ እንደሚባል ስለሚያውቁ ይህን ለመያዝ ፈጣን ናቸው። ሦስቱን ሥዕሎች ሰሌዳ ላይ ለጥፋችሁ «አንቱ ያልነው ማንን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ከዚያ ሦስቱንም በአክብሮት አንብቡና ታሪኩ ሲሰማ ምን እንደተለወጠ ተነጋገሩ።

ሁለት ችግር ይገጥማል። በየቀኑ ከተገለበጠ ጨዋታ ብቻ ይሆናል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ቤታቸው ሌላ ቋንቋ የሚነገር ልጆች ካሉ ደግሞ «እሷ መጣ» ቢሉ የሰዋስው ስህተት ነው እንጂ አመለካከት አይደለም፤ እርማቱ ከውይይቱ ጋር አይደባለቅ።

የካርቶን ሥራ

ጽሑፍ ማለት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። ልጅ ከመጽሐፍ በፊት የሚያነበው ማሸጊያ ነው። እዚያ ላይ ለመሥራት አንድ ያልተከፈተ የመጫወቻ መኪና ሣጥን ይበቃል። የኩባንያው ስም በወረቀት ይሸፈን። ሥዕሉ ላይ 6 መኪና፣ ድልድይና ተራራ ያለበት ሣጥን ይመረጥ። ልጆቹ ሥዕሉን ካዩ በኋላ «ውስጡ ምን ምን ያለ ይመስላችኋል?» ተብለው ግምታቸውን ይሣሉ። ከዚያ ይከፈታል። 1 መኪና። ክፍሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። ቀጥሎ አጉሊ መነጽር ይሰጣቸውና ሌሎቹ ለየብቻ እንደሚሸጡ የምትናገረዋን ደቃቅ መስመር ሣጥኑ ላይ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከታች ወይም ከጀርባ ናት። አስተማሪው ያንብብላቸው። «ትልቁ ጽሑፍ ምን ይላል? ትንሹስ ምን ይላል? ማን ነው ይህን ያሳነሰው?»

«ሊሸጡልን ፈልገው ነው» የሚል መልስ ግን አትጠብቁ፣ አፋቸው ላይም አታስቀምጡላቸው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሠየመው ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2004 እንዳስታወቀው ከ8 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ማስታወቂያ ሊያሳምናቸው የተሠራ መሆኑን በደንብ አይረዱም። ቃሉን ሊደግሙት ይችላሉ፣ ሐሳቡ ግን ገና ነው። የሚችሉት ሥዕሉንና ዕቃውን ማስተያየት ነው፤ ሥራው እዚያ ላይ ይቁም። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ በባዶ ካርቶን «እውነተኛውን ሣጥን» ይሥሩ፦ አንድ መኪና፣ ትልቅ ጽሑፍ።

ከቤት ያመጡት መጫወቻ ለዚህ አይሁን። የሚወደው መኪና በጓደኞቹ ፊት «የሚያታልል» የተባለበት ልጅ የሚማረው ማፈርን ነው።

ቅድመ መደበኛ

ስለ ወላጆች ጥያቄ። የንባብ ትምህርት ተመራማሪዎቹ ፒተር ፍሪቦዲና አለን ሉክ እ.ኤ.አ. በ1990 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ይጠቅማል። አንባቢ አራት ሥራ አለው አሉ፦ ፊደሉን ይፈታል፣ ትርጉም ይሠራል፣ ጽሑፉን ለሚፈለገው ነገር ይጠቀምበታል፣ ጽሑፉ ምን ሊያደርግበት እንደፈለገ ይመረምራል። አራቱ ተራ ጠባቂዎች አይደሉም። 231ዱ ፊደል እስኪያልቅ ምርመራው ይቆይ ከተባለ ልጁ ያን ሁሉ ጊዜ ሥዕል፣ ማሸጊያና ማስታወቂያ ሲያነብ ብቻውን ነው። በአንጻሩ ፊደልን ቸል የሚል «ሂሳዊ» ፕሮግራምም ልጁን ይበድላል፤ የፊደል ጊዜ አንድ ደቂቃ እንዳይቀነስለት። ለወላጆች ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፦ የሚለወጠው የንባብ ጊዜው አጠቃቀም እንጂ የፊደል ጊዜው አይደለም። ከማብራሪያ ይልቅ ደግሞ ልጁ የሐሙስ ዕለት የሠራውን ገጽ ከሥሩ ልጁ ያለውን ቃል ጽፈው ወደ ቤት ይላኩ። ያ ወረቀት ከስብሰባ ይበልጣል።

መረዳታቸውን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ይበቃዎታል፦ «የት አየሽው?» ገጽ ገልጣ በጣቷ ካሳየች አስባለች። «ሴቶችም ይችላሉ» ብላ የምታሳየው ገጽ ካጣች ደግማ ነው። ለመዝገቡ ሦስት ዓምድ ያለው ደብተር ይያዙ፤ ቀን፣ የልጁ ቃል እንዳለ፣ ያሳየው ማስረጃ። በሳምንት 5 ልጅ ከተከታተሉ 24ቱ በአምስት ሳምንት ያልቃሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ሳይጠየቁ የሚሉት ነው፤ ለብቻው ይመዝገብ።

ግድግዳም ይጠቀሙ። በካናዳ ከ3 እስከ 5 ዓመት ልጆች ጋር የሠሩት መምህርት ቪቪያን ቫስኬዝ የልጆቹን ጥያቄዎች፣ ሥዕሎችና ደብዳቤዎች በቅደም ተከተል ግድግዳ ላይ ይለጥፉ ነበር፤ ልጆቹም ወደኋላ ተመልሰው «ይሄ ከዚያ ጥያቄ መጣ» ይሉበት ነበር። እነዚሁ ልጆች ሥጋ የማይበላ ጓደኛቸው በትምህርት ቤቱ ግብዣ ላይ የሚበላው እንዳጣ አስተውለው ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ጻፉ። የጉዳዩ ልክ እንዲህ መሆን አለበት፤ ልጁ ራሱ የሚያየው፣ በእጁም አንድ ነገር ሊያደርግበት የሚችለው። የአዋቂን ሸክም አምጥቶ ምንጣፍ ላይ ማራገፍ ልጁን ያስጨንቃል እንጂ አያስተምረውም።

የምንጣፍ ጥግ

ተባረኩ፣ በጣም ጠቀመኝ። አንድ ብቻ ልጨምር። ውይይት መሃል አንድ ልጅ «ወንድ አያለቅስም» ቢልስ? ዝም ብዬ ልለፈው ወይስ ላርመው?

ሁለተኛ ንባብ

በዚያች ደቂቃ ያለቀሰ ልጅ ክፍሉ ውስጥ አለ ወይስ የለም የሚለው ይወስነዋል። ካለ ውይይቱን ተይው። «እዚህ ክፍል ማንም ሲከፋው ያለቅሳል» በይና ልጁን ደግፊው፤ የሰው ልጅ ስሜት የክርክር ርዕስ አይሆንም።

ንግግሩ ስለ መጽሐፉ ከሆነ ግን ወዲያው አታርሚው። ካረምሽው ሌላ ጊዜ የሚያስበውን ይደብቅሻል፣ «ሴቶችም ይችላሉ» የሚባለውም ከዚሁ የሚመጣ ነው። ያለውን ቃል ሰሌዳ ላይ እንዳለ ጻፊው፣ ስሙን ሳትጠቅሺ። «ይህን ከየት ሰማነው?» ብለሽ ጠይቂ። ከዚያ ለሳምንቱ ከመደርደሪያው የሚያለቅሱ ገጸ ባሕርያትን ይፈልጉ፤ ያገኙትን ገጽ በቁራጭ ወረቀት ምልክት ያድርጉ። ሲጨርሱ ወንድ የሚያለቅስባቸውን አንድ ወገን፣ ሴት የምታለቅስባቸውን ሌላ ወገን ክመሩ። ሁለቱ ክምሮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ ያኔ «ማን ጎደለ?» ብትዪ መልስ ታገኚያለሽ። ከመጀመርሽ በፊት ግን መደርደሪያውን ራስሽ ፈትሺው። የሚያለቅስ ወንድ ያለበት አንድ መጽሐፍ እንኳ ከሌለ ልጁ ያለውን መደርደሪያው ያጸናለታል፤ ቢያንስ ሁለት አስቀድመሽ ጨምሪ።