«ሊያሻሽሉ ነበር»

የጭሰኛ የልጅ ልጅ፦
ዛሬ ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። ወሬው ስለ ስድሳ ስድስቱ አብዮት ነው። ተንታኝ የተባለው ሰውዬ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጃንሆይ የመሬቱን ነገር ራሳቸው ሊያሻሽሉ ነበር፤ አገሩን ያደፈረሰው ተማሪ ነው።» ሹፌሩ ጭራሽ «እውነቱን ነው!» ብሎ ድምፁን ጨመረው። ደሜ ፈላ። ተማሪው «መሬት ላራሹ» ብሎ ሰልፍ የወጣው የካቲት 1957 ነው። ጃንሆይ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት የወጡት መስከረም 2 ቀን 1967። ዘጠኝ ዓመት ተኩል! እስቲ ሰዋስው የምታውቁ ንገሩኝ፤ በ«ሊ» እና በ«ነበር» መካከል ስንት ዓመት ይገባል?

ነጭ ሽበት፦
ልጄ፣ ትንሽ ስከን። ለመሬት ጉዳይ ብቻ ሚኒስቴር ያቋቋመው ማን ነው? የጭሰኛውን ውል የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግ ፓርላማ የገባው በማን ዘመን ነው? ከአብዮቱ በፊት ነው። ረቂቁን አንቀው የያዙት እዚያው ፓርላማ የተቀመጡ ባለመሬቶች ናቸው። ሰውዬው ያለው ይህንን ነው። እናንተ ግን ጃንሆይ የሚለውን ቃል ስትሰሙ ጆሯችሁ ይደፈናል።

ቀበሌ ዜሮ ዘጠኝ፦
ጋሼ፣ ክርክሩን እኮ እርስዎ ጨረሱልን! ባለመሬቱ ፓርላማ ቁጭ ብሎ ካነቀው፣ ማን ሊያስለቅቀው ነበር? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማውን የመበተን ሥልጣን ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቷል። ለመሬቱ ሲሉ አልበተኑትም። «ሊበትኑ ነበር» እንዳይሉኝ ብቻ።

ነጭ ሽበት፦
ማሾፍ ቀላል ነው። የራሳቸውን ቤተ መንግሥት፣ ገነተ ልዑልን፣ ለዩኒቨርሲቲ የሰጡ ሰው ናቸው። እዚያ የተማረው ልጅ ውለታውን በድንጋይ መለሰ። እናንተም እስከ ዛሬ ድንጋዩን አልጣላችሁም።

የጭሰኛ የልጅ ልጅ፦
ግቢ መስጠትና መሬት መስጠት ለየቅል ነው ጋሼ። አያቴ ጭላሎ፣ አርሲ ውስጥ እኩል አራሽ ነበር። ካመረተው ግማሹ የባለመሬቱ ነው። በስድሳዎቹ መጀመሪያ ካዱ የተባለው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በስዊድኖች ገንዘብ መጣ፤ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። ምርቱም አደገ። እሰይ፣ አይደል? ባለመሬቱ መሬቱ ገንዘብ እንደሚያወጣ ሲያይ ትራክተር አስገባና ጭሰኛውን ነቀለ። አያቴ ብቻ አይደለም፣ በዚያ አካባቢ ብዙ ሰው ነው የተነቀለው። እንግዲህ «መሻሻል» እኛ ቤት የመጣው በትራክተር ነው።

ከነገሌ ማዶ፦
ሁላችሁም አንዱን ቃል ይዛችሁ ሌላውን ዘለላችሁት። «ያደፈረሰው ተማሪ ነው» የሚለውስ? ጥር 4 ቀን 1966 ነገሌ ቦረና ላይ ያመፀው ወታደር ተማሪ ነበር? የጠየቀው ማርክስን አይደለም። የሚጠጣ ውሃና የሚበላ ምግብ ነው። የመጣላቸውን ጄኔራል ይዘው የራሳቸውን ምግብ አበሉት። የካቲት 11 ታክሲው ሥራ ያቆመው ቤንዚን ስለተወደደ ነው። መምህሩ አድማ መታ። የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ካቢኔ ወረደ። የካቲት 28 የሠራተኛ ማኅበራቱ ጠቅላላ አድማ ጀመረ። ሚያዝያ 12 ሙስሊሙ የእኩልነት ጥያቄውን ይዞ አደባባይ ሲወጣ ክርስቲያኑም አብሮት ነበር። ይህን ሁሉ «ተማሪ» ካልከው፣ አገሩ በሙሉ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው።

ትርፍ ቤት፦
ደህና። ማን እንደጀመረው ነገራችሁን። ማን እንደከፈለበትም ይነገር። አያቴ ጠላ ሻጭ ነበረች፤ ባላባት አይደለችም። ከጠላው አጠራቅማ፣ ዕቁብ ጥላ፣ ከምትኖርበት ሌላ አንድ ቤት ሠርታ አከራየች። ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ወጣ። «ትርፍ ቤት» ተባለ፣ ተወረሰ። ለጠላ ሻጭ ትርፉ ምኑ ላይ ነው? «መሬት ላራሹ» ስትሉ እኔ የሚሰማኝ «ቤት ለቀበሌ» ነው።

ቀበሌ ዜሮ ዘጠኝ፦
እህቴ፣ ስለ አያትሽ አዝናለሁ፤ ከልቤ ነው። ግን እኔ ያደግኩት እንደዚያ ባለ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ልብስ አጥባ አምስት ልጅ ያሳደገችው ኪራዩ ጥቂት ስለነበረ ነው። አዋጁ ባይወጣ የት እንወድቅ ነበር?

ትርፍ ቤት፦
አያቴ ቤት ነዋ የምትወድቁት። ተከራይ ሆናችሁ። ያውም ጠላ በነፃ።

ነጭ ሽበት፦
አየህ ልጄ? የአንዱን ጎጆ ለማቆም የሌላውን ማፍረስ ነው አብዮት የምትሉት። ገና «ያለ ምንም ደም» የሚለው መዝሙር ሳይበርድ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ስድሳ የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። አክሊሉም እንዳልካቸውም እዚያ ውስጥ ናቸው። አገር የሚያውቁ ሰዎች በአንድ ሌሊት! ከዚያ በኋላማ ማን ማንን እንደበላ ታውቃላችሁ።

የጭሰኛ የልጅ ልጅ፦
ለኅዳር 14 ጥብቅና የቆመ ሰው አለ እዚህ? እኔ አልቆምኩም። ደርግና አብዮቱ አንድ አይደሉም። ደርግ የተሰበሰበው ሰኔ 21 ቀን 1966 ነው፤ የካቲት ያኔ ስንት ወር አልፎታል። የሰፈሩን እሳት ለማጥፋት መጥቶ ቤቱን የወረሰ ሰው ነው ደርግ።

ነጭ ሽበት፦
ቆይ ቆይ። የመሬት አዋጁን ያወጣው ማን ነው ታዲያ? የካቲት 25 ቀን 1967 በሬዲዮ ያወጀው ደርግ አይደለም? ጥሩው የአብዮቱ፣ መጥፎው የደርግ። እንዲህ ከሆነማ እኔም የጃንሆይን እንደዚያው ልከፍልልህ እችላለሁ። ዩኒቨርሲቲው የእሳቸው፣ ጭሰኝነቱ የባላባቶቹ።

ከነገሌ ማዶ፦
ይቺ ግን ጎል ናት። ጋሼ አገቡ።

የጭሰኛ የልጅ ልጅ፦
አላገቡም፣ ከጨዋታ ውጪ ነው። ደርግ አዋጁን ያወጣው ጎዳናው ለዓመታት ስለጮኸበት ነው። ሲወጣም አዲስ አበባ በደስታ ጎርፍ ተጥለቀለቀች። በነፍስ ወከፍ... ይቅርታ፣ ለአንድ ቤተሰብ ቢበዛ 10 ሄክታር፤ መሸጥ የለም፣ ማከራየት የለም፣ ጭሰኝነት ቀረ። አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ነገር ተወ ይላል አባቴ። ሰው ሲያልፍ እስከ መሬት ጎንበስ ማለት። የገበሬ ማኅበሩ የፍርድ ሸንጎ ላይም ተቀመጠ፤ ፊደል ሳይቆጥር ዳኛ ሆነ። ይህንን በሄክታር ለኩልኝ እስቲ።

የጎጃሙ ልጅ፦
ልክ ናችሁ፣ ግን ሁሉን አገር አርሲ አታድርጉት። እኛ ጋ ርስት ነበር። አያቶቼ የማንም ጭሰኛ አልነበሩም። በ1960 ጎጃም ያመፀው መሬት አጥቶ አይደለም። በእርሻ ገቢ ግብሩ ነው፣ «መሬትህ ሊለካ ነው» ሲባል ነው። አዋጁ ለእኛ ምን ሰጠን? ኮታ! የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በቆረጠልህ ዋጋ እህልህን አስረክብ። ባለመሬቱ ሄደ፣ መንግሥት መጣ። እኩል አራሽነቱ የት ሄደ?

ከነገሌ ማዶ፦
ርስት ለማን ነበር? ለሸማኔው ነበር? ለቀጥቃጩ? በየገጠሩ ርስት የለህም ተብሎ በንግድና በሽመና ለኖረው ሙስሊም ነበር? «የማንም ጭሰኛ አልነበሩም» ስትል የአንተን አያቶች እየቆጠርክ ነው፤ ደጃቸው ላይ ማረሻ የሚቀጠቅጠውን አልቆጠርከውም።

ቀበሌ ዜሮ ዘጠኝ፦
ወደ ሰዋስዉ ልመለስና፣ ፍትሐዊ ልሁን። «ሊያሻሽሉ ነበር» የሚለው የጃንሆይ ብቻ በሽታ አይደለም። ደርግም ሥልጣኑን ለሕዝብ ሊያስረክብ ነበር። ስሙ ራሱ «ጊዜያዊ ወታደራዊ አስተዳደር» ነው። ጊዜያዊነቱ 1980 መግቢያ ላይ ሪፐብሊኩ እስኪታወጅ ቆየ። 13 ዓመት! ያኔም ሊቀመንበሩ ፕሬዚዳንት ሆኑ እንጂ ወንበሩን ማን ለቀቀ?

ነጭ ሽበት፦
ይቺን እቀበላለሁ። 13 ዓመት ከዘጠኝ ተኩል ይበልጣልና ጃንሆይ ይሻላሉ።

የጭሰኛ የልጅ ልጅ፦
ጋሼ! የጃንሆይ ሰዓት ከ1957 ነው እንዴ የሚጀምረው? እኔ ከሰልፉ ስለቆጠርኩ ነው። ገርማሜ ንዋይ ወላይታ ተሹሞ ለጭሰኛ መሬት ልስጥ ሲል ከዚያ አነሱት። እሱና ወንድሙ ታኅሣሥ 1953 መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ከዚያ ይቁጠሩ። የባሌውን አመፅ ይጨምሩ። ማስጠንቀቂያ ያልደረሰው ንጉሥ አልነበረም።

ነጭ ሽበት፦
ገርማሜ በቤተ መንግሥቱ አረንጓዴ አዳራሽ ያገቷቸውን መኳንንት በጥይት የረሸኑ ሰዎች ጓደኛ ነው። እሱን ነው ምስክር የምታመጣልኝ?

የጎጃሙ ልጅ፦
«ጓደኛ» አይደለም ጋሼ፣ መሪ ነው። ለጠላትዎም ማዕረጉን ይስጡት እንጂ።

ትርፍ ቤት፦
እናንተ ስለ 1953 ስትጨቃጨቁ እኔ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቤተሰባችን የአያቴን ቤት ይመለስልን ብሎ ማመልከቻ አስገብቶ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙ ይቅር። «ይታያል» ተባልን። አያቴ ሞተች። እናቴ ቀጠለች። አሁን ፋይሉ እኔ እጅ ነው።

ቀበሌ ዜሮ ዘጠኝ፦
እና ታየ?

ትርፍ ቤት፦
ሊታይ ነበር።

ነጭ ሽበት፦
ልጄ፣ ይህንን እንኳ አልስቅበትም።

የጭሰኛ የልጅ ልጅ፦
የጎጃሙ ልጅ ግን የት ገባ? ስለ ገርማሜ ማዕረግ ሲሆን ፈጠነ። የቀጥቃጩን ጥያቄ አልመለሰም።

የጎጃሙ ልጅ፦
አለሁ። ልመልስ ነበር።