ዓርብ ማታ ለተያዘ ሰው ደሴ ላይ ጠበቃ ከየት ይገኛል?

ጦሳ ሥር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰው ዓርብ ማታ ድንገት ሲያዝ ቤተሰብ ከየት ይጀምር? የጠበቆች ቢሮ ዝግ ነው፤ ስልክ የሚያነሱትም «ክስ ሲመሠረት ደውሉ» ይላሉ። መንግሥት የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃስ አሁኑኑ ይመጣል?

ቦርከና፦
አብሽር። መጀመሪያ የት ጣቢያ እንዳለ፣ በምን እንደተጠረጠረና መርማሪው ማን እንደሆነ እወቁ። ይህን ካልያዛችሁ ጠበቃውም የሚመልስላችሁ የለውም። የተያዘበትን ሰዓት ጻፉ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውጭ የሚታሰበው ለጉዞው አግባብ ያለው ጊዜ ብቻ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቀነስም! ዓርብ ማታ 2 ሰዓት የተያዘ ሰው እሑድ ማታ 2 ሰዓት 48ቱ ይሞላዋል። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት ፍርድ ቤት ሄዳችሁ ተረኛ ችሎት መኖሩን ጠይቁ።

የሐይቅ ልጅ፦
ተከላካይ ጠበቃን አሁን አትጠብቁ። መንግሥት ጠበቃ የሚያቆምበት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) የተከሰሰን ሰው የሚመለከት ስለሆነ፣ በምርመራ ላይ ላለ ሰው እምብዛም አይደርስም። አቅም ከሌለ ሰኞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ።
የግል ጠበቃ የሚሸሸው በአብዛኛው መዝገቡ ያለ ክፍያ እንዳይጎተትበት ነው። «እስከ ዋስትና ብቻ» ብላችሁ ተዋዋሉ፤ የክሱ ክርክር ሌላ ዋጋና ሌላ ውል ይኑረው። የታደሰ የጥብቅና ፈቃዱን ሳታዩ ብር አትስጡ። ፍርድ ቤት በር ላይ «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ካጋጠማችሁ ደላላ ነው፣ እለፉት።

ቦርከና፦
ጠበቃ ባይገኝም ታሳሪው ራሱ ይናገር። ፖሊስ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ለምርመራ ተጨማሪ የእስር ጊዜ፣ ሲጠይቅ (በ1954ቱ የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም) «ምን ቀረ? የትኛው ምስክር አልተሰማም?» ይበል። በሁለተኛው ቀጠሮ ፖሊስ ያንኑ ምክንያት ሲደግም የሚጋለጠው በዚህ ነው። ዋስትና ከተከለከለ የትእዛዙን ግልባጭ የዚያኑ ቀን ጠይቁ፤ ይግባኙ በ20 ቀን ውስጥ ነው፣ ያለ ግልባጭ ደግሞ አይሄድም። ዋስ የሚሆነውን ሰው ከነደመወዝ ማስረጃው አስቀድማችሁ አዘጋጁ። ማኅተም ፍለጋ ስትሮጡ ሥራ ሰዓት አልቆ ሌላ ሌሊት ያድራል።

ጦሳ ሥር፦
አላህ ይስጥልኝ። ጠበቃ ሳይመጣ ቃል ስጥ ቢሉትስ?

የሐይቅ ልጅ፦
ላለመናገር መብት አለው። ስሙንና አድራሻውን ተናግሮ «ቀሪውን ጠበቃዬ ባለበት» ማለት ይችላል። ከተናገረም የተጻፈውን አንብቦ፣ ካልቻለ አስነብቦ፣ ያላለው ነገር ካለ ሳይታረም አይፈርም። ጠበቃው ጣቢያ ሲመጣ እንዳይገባ ከከለከሉት የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 21(2) ጠቅሶ ለጣቢያው አዛዥ በጽሑፍ ያመልክት፤ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብሎ ያስፈርም። ችሎት ፊት የሚያነሳው ያንን ነው።